የላይኛውን ሰማይ ጠይቂ

ደሴ፣ ነሐሴ ማለቂያ

ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት በብርዱ ምክንያት ጠንቶባታል፤ መድኃኒቷን ግን ገዝቻለሁና ስለ እሱ ብለሽ ገንዘብ እንዳትልኪ። የቤቱንም ግብር ከፍያለሁ። ክረምቱ በርትቷል፤ ጦሳ ደመና ውስጥ ከገባ ሰነበተ።

ወደ ነገሬ ልግባ። በጳጉሜ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር እዚያው አሜሪካ ወደ ደቡብ ዩታ ወርደሽ፣ በአስጎብኚ እየተመራችሁ በእነዚያ ጠባብ የበረሃ ሸለቆዎች ውስጥ በገመድ ልትወርዱ እንደሆነ ወንድምሽ ነገረን። ለእኔ ሳትነግሪ ለእሱ መንገርሽን አልወደድኩትም። "አባዬ ይከለክለኛል" ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። እናትሽ "ከልክላት፣ አንተን ትሰማሃለች" ብላ ወጥራ ይዛኛለች። እኔ ግን ዕድሜዬን በመንገድ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አገር ለማየት የተነሣን ልጅ ከደጃፍ መመለስ አልችልበትም። ሂጂ። ነገር ግን ከመሄድሽ በፊት ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። በስልክ ብነግርሽ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" እያልሽ ታሳልፊኛለሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር፦ ከራስሽ በላይ ባለው ሰማይ አትመኪ። ውሃው ከሚመጣበት፣ ከላይ ካለው አገር ዝናብ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ወንድምሽ በየማታው ከኮምፒውተሩ እያነበበ ሲተረጉምልኝ ሰንብቷል። ያ ቀይ ድንጋይ በጥንት ዘመን የበረሃ አሸዋ ክምር የነበረ፣ ተጭኖ ተጭኖ ድንጋይ የሆነ ነው፤ ናቫሆ የአሸዋ ድንጋይ ይሉታል። ታዲያ ያንን ድንጋይ ሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ ሰው ጎኑን ካላዞረ የማያልፍበትን መንገድ ያወጣው ማን ነው? ጎርፉ ራሱ ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳውን ለስላሳ ግድግዳ ያለሰለሰው አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ የሚያልፈው ደራሽ ውሃ ነው። ስለዚህ የምትሄጂበት ቦታ የጎርፍ ቤት መሆኑን ዕወቂ። ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ገብተሽ፣ ሳይመለስ መውጣት ነው።

በዚያ አገር ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ በድንገት ይጥላል። የእኛ ክረምት የእነሱም የጎርፍ ወቅት ነው። ባዶው ድንጋይ ውሃ አይጠጣም፤ በሰፊው ሜዳ ላይ የወረደው ሁሉ ወደ ጠባቡ ይሰበሰባል። እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 1997፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1989፣ አሪዞና ውስጥ ናቫሆ በሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ምድር፣ አንቴሎፕ በሚባለው ሸለቆ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ጎርፍ አለቁ። የተረፈው አስጎብኚው ብቻ ነው። እነሱ በቆሙበት ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልነበረም፤ የጣለው ከላይ፣ ከእነሱ ርቆ ነበር። በእኛ በ2008 ደግሞ፣ አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዛየን በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኪሆል የተባለ ጠባብ ሸለቆ የገቡ 7 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። እነዚህ ፈቃድ ሲወስዱ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሯቸው ነበር። ወንድምሽ ይህን ሲያነብ እናትሽ ከጓዳ ትሰማ ኖሯል፤ ያን ሌሊት አልተኛችም።

ለደቡብ ዩታ ፓርኮች የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት የደራሽ ጎርፍ ግምት ያወጣል አሉ። አራት ደረጃ አለው፦ አይጠበቅም፣ ሊከሰት ይችላል፣ የመከሰት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ይጠበቃል። የዚያን ቀን ጠዋት "አይጠበቅም" ካላለ አትግቢ። ሁለተኛውም ደረጃ ቢሆን አትግቢ። "ገንዘብ ከፍለናል፣ ሩቅ መንገድ ነድተን መጥተናል" የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ አትስሚው። ገንዘቡን እኔ እተካልሻለሁ።

ደራሽ ውሃን ከኮምፒውተር ያወቅሁት እንዳይመስልሽ። በልጅነትሽ "አባዬ፣ ሸዋ በር ላለችው አሮጊት በየዒዱ ሥጋ የምትወስድላት ለምንድን ነው?" እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር፤ እኔም "የጓደኛዬ እናት ናት" ብዬ አልፍሻለሁ። ዛሬ ልንገርሽ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ገና ረዳት ነኝ። በፊያት መኪና የእርዳታ እህል ጭነን ከሚሌ ወደ ጭፍራ በጥርጊያ መንገድ እንሄዳለን። ያኔ ያ ሁሉ አገር ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር። ሹፌሩ የአሰብን መንገድ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ፣ ከአስፈላጊው በላይ ቃል የማያወጣ ሽማግሌ ነው። የወሎ ተራሮች ከፊታችን ከሩቅ ይታያሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በላያችን የደመና ቁራጭ የለም። አንድ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ ዳር ስንደርስ ሽማግሌው መኪናውን አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ምን ሆነ ብዬ ዞር ስል በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ። አንድ የአፋር አዛውንት ፍየሎቹን ከወንዙ ውስጥ እያስወጣ ወደ ጉብታው ይነዳል። ሹፌሩ ወርዶ በአፋርኛ አነጋገረው፤ ተመልሶም "ተራራው ላይ ጥሏል። ዛሬ አንሻገርም" አለኝና ከግራር ጥላ ሥር ሽርጡን አንጥፎ ጋደም አለ።

ተናደድኩ። ጭፍራ ደርሰን ቀዝቃዛ ውሃ እጠጣለሁ ብዬ ስቋምጥ ነበር። ይህን ጊዜ ከኋላችን ሌላ መኪና መጣ። ረዳቱ የሸዋ በሩ ጓደኛዬ ነው፤ ቁርኣን አብረን የቀራን፣ ከአንድ ትሪ የበላን። ስሙን እናትሽ ታውቀዋለች፤ እኔ ልጽፈው ስል እጄ እሺ አይለኝም። ሹፌራቸው ጡሩምባ ነፍቶብን ወደ ወንዙ ወረደ። ጓደኛዬ ከጭነቱ ላይ ሆኖ "ፈሪዎች! ጭፍራ ሻይ አዝዘን እንጠብቃችኋለን!" እያለ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፤ እጄን አውለበለብኩለት።

መካከል ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማቸው አሸዋ ውስጥ ገባ። የረዳት ሥራ መቼም የታወቀ ነው፤ አካፋ ይዞ ወረደና ከጎማው ሥር መዛቅ ጀመረ። ሽማግሌው ከተጋደመበት ተነሥቶ ሲጮህ ሰማሁት፤ ያን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። "ተወው! ውጣ! መኪናውን ተወው!" ጓደኛዬ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ልጄ፣ ይህን ልብ በዪልኝ፤ ሰማዩን አየ። ጥርት ያለ ነበር። ተመልሶ አጎነበሰና መዛቁን ቀጠለ።

መጀመሪያ ንፋስ መጣ፤ ቀጥሎ ድምፅ፤ ከዚያ ውሃው። ውሃ ስልሽ ከቧንቧ የሚወርደውን እንዳታስቢ። ግንድ፣ ድንጋይ፣ የሞተ ከብት የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ ነበር። ሹፌሩ የጋቢናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተረፈ። ጓደኛዬን አፋሮች ከታች ርቆ አገኙት፤ በወጉ አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ቀበሩት። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው። በማግስቱ ወንዙ ተመልሶ አሸዋ ሆኖ ነበር። በዚያው ላይ ተሻግረን እህሉን አደረስን።

ደሴ ስመለስ እናቱ አስጠራችኝ። "ምን ብሎ ነው የተለየህ?" አለችኝ። ምን ልበላት? እየሳቀ ፈሪ ብሎኝ ልበላት? "ለእናቴ ሰላም በልልኝ ብሎኛል" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ በየዒዱ ይህንኑ ታስደግመኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወደ እኔ እያሳየች "ልጄ በመጨረሻው ሰዓት እኔን አስታውሶ ለዚህ ልጅ አደራ ሰጥቶታል" ትላለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እውነቱን ሳታውቅ አፈር ገባች። መናገሩ ይሻል ነበር ወይስ ዝም ማለቱ፣ እስካሁን አልቆረጠልኝም። ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም፤ አንቺም አትንገሪያት።

ወዴት ወዴት ወሰደኝ። የተቀመጥኩት ስለ ገመዱና ስለ ልብስሽ ልጽፍልሽ ነው።

ገመድ አውቃለሁ። ሸራ ስወጥር፣ ጭነት ሳስር የኖርኩ ነኝ። ገመድን የሚበጥሰው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ስለት ያለው የድንጋይ ጠርዝና አሸዋ የባሱ ጠላቶቹ ናቸው። አሸዋ በክሮቹ መካከል ይገባና ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ አትርገጪ፤ ሌላውም ሲረግጥ ዝም አትበዪ። የወገብ ማሰሪያሽን አስጎብኚው በእጁ ነክቶ ይይልሽ። የብረት ቀለበቱ መቆለፉን ደግሞ አንቺ ራስሽ ጫን ብለሽ ፈትኚ። "አየሁት" የሚል ሰው አይበቃሽም። ስትወርጂ እግርሽን ከፈት፣ ገላሽን ወደ ኋላ ጣል አድርጊ። ከታች በኩል ገመዱን የያዘው እጅሽ ግን ድንጋይ ቢያንሸራትትሽም፣ ሄልሜትሽ ቢዘነበልም አይለቅም። በሌላኛው እጅሽ አስተካክዪው።

ሻሽሽ። ረጅሙን ሒጃብ አድርገሽ እንዳትሄጂ። ገመዱ የሚያልፍበት ብረት የልብስ ጫፍ ወይም ፀጉር ከያዘ ሰውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ያስቀራል። ስትሮጪ የምታደርጊውን ጥብቅ ያለውን አድርጊ፤ ጫፉን አንገትሽ ውስጥ አስገቢና ሄልሜቱን ከላይ ድፊበት። ቀለበትሽንና ሐብልሽን ቤት አስቀምጪ። ሐብሉን እናትሽ "ከአንገትሽ አታውጪው" ብላሽ እንደሰጠችሽ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን አውጪው፤ ከእሷ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።

በረሃ ነው ብለሽ ስለ ብርዱ እንዳትዘናጊ። ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ የማይደርስበት የተቋጠረ ውሃ አለ፤ ከላይ ሰው በሙቀት ሲያልቅ ከታች ጥርሱ የሚንቀጫቀጭበት ጊዜ አለ። የጥጥ ልብስ አትልበሺ፤ አንዴ ከረጠበ ገላ ላይ ተጣብቆ ያበርዳል። አስጎብኚው የዋናተኞችን የላስቲክ ልብስ ልበሺ ካለሽ ልበሺ፤ መልክሽን አያሳምረውም ብለሽ እንዳትተዪው። ደረቅ ቅያሪ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዢ። ዋና እንደማትችዪ ደግሞ ዛሬውኑ በግልጽ ንገሪያቸው! ሐይቅ በሄድን ቁጥር ከዳር ቁጭ ብለሽ እግርሽን ብቻ የምትነክሪ ልጅ ነበርሽ። ባልደረቦችሽ ፊት አፍረሽ "እችላለሁ" ብትዪ አልምርሽም። ዋና ለማይችል ሰው የሚሆን ደረቅ ሸለቆ አለ፤ አስጎብኚው የሚመርጠው ስትነግሪው ነው።

የግራ ቁርጭምጭሚትሽን እሰሪው። ከዘይቱኑ ዛፍ የወደቅሽ ዕለት ያሸሽ ወጌሻ "ይቺ እግር ዕድሜ ልኳን ትጠነቀቅ" ብሎን ነበር። ጫማሽ ሶሉ ድንጋይ የሚይዝ፣ ረጥቦም የማያንሸራትት ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አታስመርቂ። ሱሪሽና እጅጌሽ ረጅም ይሁን፤ ያ ድንጋይ ቆዳ ይገፋል።

ውሃ ሦስት አራት ሊትር ያዢ፤ ሳይጠማሽ ጠጪ። ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። እናትሽ የላከችልሽ በሶ አለ አይደል? በጨው በጥብጪው፤ ቆሎም ቋጥሪ። ሶላትሽን በመንገደኛ ደንብ አሳጥሪ። የያዝሽው ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በንጹሕ አፈር ተየሙም አድርገሽ ስገጂ፤ ዲናችን አላስጨነቀሽም፣ አንቺም ራስሽን አታስጨንቂ።

ግድግዳው ላይ ስም የሚጭር ሰው ካለ አብረሽው አትቁሚ። ወደ ሸለቆው ስትሄዱ ጥቁር ቅርፊት ያለው አፈር ታያላችሁ፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ዞራችሁ እለፉ። የሰው አገር ነው።

አሁን አስጎብኚውን የምትጠይቂውን ልንገርሽ። ከማንም ፊት ሳታፍሪ ጠይቂው። የዚህ ሸለቆ ውሃ ከየት ይነሣል? ራሱ ምን ያህል ሩቅ ነው? ዛሬ እዚያ ላይ ምን ይጥላል? ከገባን በኋላ ወደ ላይ መውጫ ያለው በየትኛው ቦታ ላይ ነው፣ መውጫ የሌለበትስ ከየት እስከ የት ነው? ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት መልእክት የሚልክበት መሣሪያ ይዟል? እውነተኛ አስጎብኚ በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል። የሚስቅብሽ ከሆነ መኪናው ውስጥ ተቀምጠሽ ጠብቂያቸው። እሱ ግን በመንገድ ላይ ቆሞ "ዛሬ አንገባም" ካለ፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፣ አመስግነሽው ተመለሺ። ከሁሉም በፊት የምታመሰግኚው አንቺ ሁኚ፤ ሌሎቹ የሚያጉረመርሙት የሚቀድም ሰው ሲያጡ ነው።

ውስጥ ሆነሽ ንጹሑ ውሃ ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድንገት ከጨመረ፣ ወይም ከላይ በኩል የሚጮህ ነገር ከሰማሽ፣ ወደ ታች አትሩጪ። ውሃን በሩጫ የቀደመ ሰው የለም። ወደ ላይ ውጪ፤ ጥቂት ሜትርም ቢሆን ከፍ በዪ፤ ውሃው እስኪያልፍም እዚያው ቆዪ። ቦርሳሽን ጣዪው። ስልክሽን ጣዪው። ለማንም ለወደቀ ዕቃ አትመለሺ። ጓደኛዬን ያስቀረው አንድ ጎማ ነው።

የት እንደምትገቡና በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ለአክስትሽ ልጅ ጽፈሽ ስጪያት፤ ሰዓቱ ካለፈ ለማን እንደምትደውልም ጻፊላት። በዚያው በዩታ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2003፣ አሮን ራልስተን የሚባል ወጣት ብሉጆን ወደተባለ ሸለቆ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ገብቶ፣ ቋጥኝ ክንዱን ይዞት ከአምስት ቀን በኋላ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ነው የወጣው። የት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚፈልገው ሰው ዘገየ። አንቺ ደግሞ ሳትናገሪ መሄድ የጀመርሽው ገና ከቤትሽ፣ ከአባትሽ ነው። ይህ አይደገም።

ልጄ፣ ተቆጣሁ መሰለኝ። የሸለቆውን ፎቶ ግን ወንድምሽ ተኝቶ እንኳ ብቻዬን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ድንጋዩን ሲያበራው እንዴት ያምራል! ጉልበት ቢኖረኝ አብሬሽ በገባሁ ነበር። ፎቶ ብዙ አንሺ፤ ነገር ግን ገመድ ላይ ሆነሽ አይሁን።

ጠዋት ከመነሣትሽ በፊት የላይኛውን ሰማይ ጠይቂ። ሸለቆው አፍ ላይ ስትደርሺ እንደገና ጠይቂ። በጠዋት ገብታችሁ የከሰዓቱ ደመና ሳይሰበሰብ ውጡ።

እንደወጣሽ ደውዪ። በእናንተ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ "ተኝተው ይሆናል" ብለሽ እንዳታሳድሪው። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እጠብቃለሁ፤ እናትሽም አትተኛም። የሸለቆውን ስምና የአስጎብኚውን ስልክ ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ለወንድምሽ ላኪለት፤ እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ።

አባትሽ